ትርፍ ሰው

ትርፍ ሰው ማለት በመኪናው ሊብሬ ላይ ከተጻፈው የወንበር ቁጥር በላይ የተጫነ መንገደኛ ነው። ቃሉ በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፦ አንደኛው ከልክ ያለፈ፣ የማያስፈልግ፤ ሁለተኛው ወጪ ተቀንሶለት ኪስ የሚገባ ገንዘብ። በሌላው የኑሮ ዘርፍ ሁለቱ ፍቺዎች ተኳርፈው ይኖራሉ። በደባርቅና በጎንደር መካከል ባለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ግን ታርቀዋል። ያው ሰው ወንበር ሲጠይቅ ትርፍ ነው፤ ሒሳብ ሲከፍልም ትርፍ ነው።

ትርፍ ሰው ለመሆን መጀመሪያ ሰው መሆን ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በስሜን በየትም ቦታ የሚገኝ ማዕረግ አይደለም። አምቢኮ ከራስ ደጀን ሥር፣ 3,200 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች መንደር ናት። ደባርቅ ጉዳይ ያለው የአምቢኮ ሰው የመሽሃን ወንዝ ተሻግሮ፣ የቧሂትን ዳገት ወጥቶ ጨነቅ ይደርሳል። ጨነቅ ላይ ቱሪስቱ ዋልያ ይጠብቃል፤ ያገሬው ሰው አይሱዙ ይጠብቃል፤ የቦታው ስም ለማን እንደወጣ ከፊታቸው ይነበባል። አይሱዙው ሲመጣ ሰው የሚወጣው ከገብስ ጆንያው አናት ላይ ነው። እዚያ ላይ ወንበር ስለሌለ ትርፍ የሚባል ነገርም የለም፤ የተጫነው ሁሉ ጭነት ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ዋልያው በየጊዜው እየተቆጠረ ቁጥሩ ለዓለም ይነገራል። አይሱዙው ላይ ስንት ሰው እንደተንጠለጠለ የሚቆጥረው ግን ረዳቱ ብቻ ነው፤ እሱም ሒሳብ ሲሰበስብ።

ሰውየው ሳንቃ በርን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ ከጭነትነት ወደ መንገደኝነት ያድጋል። ይህ የሚሆነው መናኸሪያ ነው።

መናኸሪያ ሰዓት የማይሠራበት ግቢ ነው። መንገደኛው ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይመጣል፤ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ሲሞላ።» በሌላው ዓለም መንገደኛ ሰዓት አይቶ ይመጣል፤ እዚህ ሰዓቱ ራሱ መንገደኛ እስኪሞላ ይጠብቃል። መኪናው አራት ሰው ሲይዝ ገና ማለዳ ነው፤ ስምንት ሲይዝ ረፋድ፤ አሥራ አንድ ሲይዝ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። አገሩ ላይ ሞላ የሚባል ሰው ሞልቶ ሳለ፣ አንዱን ጠርቶ አሳፍሮ መንቀሳቀስ እስካሁን ያልተሞከረ መፍትሔ ነው።

የዘዴው ምሰሶ «አንድ ሰው የቀረው» የሚለው ጥሪ ነው። ጠሪው ይህን የሚጮኸው መኪናው ባዶ ሳለ ጀምሮ ነው። ብልጡ መንገደኛ አንገቱን ወደ ውስጥ ቢያስገባ እውነትም ሞልቷል፦ ሁለቱ የረዳቱ ጓደኞች፣ አንዱ ሎተሪ አዟሪ፣ ሌላው ሥራ የፈታ የሌላ መኪና ሹፌር። እውነተኛ መንገደኛ በገባ ቁጥር ከእነዚህ አንዱ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ብድግ ብሎ ይወርዳል፤ «አንድ ሰው የቀረው» ግን አይቀየርም። ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ፣ ለምን ሁልጊዜ እንደሚቀር የሚያውቅ የለም። ነገሩ የገባው መንገደኛ ልውረድ ቢል ጆንያው ጣሪያ ላይ ወጥቶ በገመድ ተጠፍሯል፤ ከሥሩም የአራት ሰው ዕቃ አለ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት በመናኸሪያ ግቢ ምክር መሆኑ ቀርቶ የአሠራር መመሪያ ሆኗል።

መኪና የመሙላት ጥበብ የሰሜን ጎንደር ብቻ አይደለም። የናይሮቢው ሚኒባስ ታክሲ፣ ማታቱ፣ ስሙን ያገኘው ከስዋሂሊው «ሦስት» ነው፤ በድሮ ዋጋ የሚከፈለው ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ነበርና። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ማታቱ ለእያንዳንዱ መንገደኛ ቀበቶ እንዲያስር፣ ፍጥነት መገደቢያ እንዲገጥም፣ ሰው አቁሞ እንዳይጭን አዘዘች፤ ሕጉ በትራንስፖርት ሚኒስትሩ በጆን ሚቹኪ ስም ይጠራል። ለአንድ ሰው አንድ ቀበቶ! እንዲህ ያለው ብክነት እኛ ዘንድ አይታሰብም፤ እዚህ ሰውን ከቦታው እንዳይነቃነቅ አድርጎ የሚይዘው የጎረቤቱ ትከሻ ነው።

በአዲስ አበባም ታሪኩ ረጅም ነው። በደርግ ዘመን መንገደኛውን በሁለት አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት አቀማምጠው የሚሄዱት ትንንሽ ታክሲዎች «ውይይት» ተብለው ነበር፤ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ዝም ማለት ስለማይቻል ስሙ ተገቢ ነበር። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ደግሞ ሳይሞላ መነሳት የሚባል እንግዳ ልማድ ይዞ መጣ። ደግነቱ ልማዱ ብዙ አልቆየም፤ መለዋወጫ እየጠፋ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ሲቆሙ፣ የቀሩት ጣቢያ ሳይደርሱ መሙላት ጀመሩ።

ወደ ደባርቅ መናኸሪያ ስንመለስ መኪናው ሞልቷል። በሊብሬው 12 ሰው የተጻፈለት ሚኒባስ ነው፦ ጋቢና 2፣ ከኋላው 3፣ ከዚያ 3፣ መጨረሻው 4። በር ላይ መውጫ ይቆረጥለታል፤ ተቆጣጣሪው አንገቱን አስግጎ ይቆጥራል፤ 12 ናቸው። በዚህ ቅጽበት በኢትዮጵያ ምድር ከዚህ መኪና የበለጠ ሕግ አክባሪ የለም።

ቅጽበቱ 200 እርምጃ ያህል ይቆያል። ከግቢው አጥር ወጣ እንዳለ፣ ጥላ ሥር ተሰብስበው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። ረዳቱ በሩን ይከፍታል፤ «እማማ፣ እስቲ ጠጋ ይበሉ፤ ጋሼ፣ እርስዎም፤ የሰው ልጅ ተጠጋግቶ አይደል የሚኖር?» የሒሳቡ ቀመር ቀላል ነው፦ ጋቢና 3፣ የ3ቱ ወንበሮች 4፣ 4፣ የመጨረሻው 5፤ ሞተሩ ላይ ጀርባቸውን ለሹፌሩ ሰጥተው 2። አሥራ ስምንት። አንደኛዋ መንገደኛ ዶሮ ታቅፋለች፤ ዶሮዋ አትቆጠርም፤ ቦታ ግን ከባለቤቷ የተሻለ ይዛለች። ረዳቱ ራሱ ግማሽ አካሉ ውጭ ነው።

አሥራ ስምንት ሰው የሚተነፍሰው አየር ለ12 የተመጠነ ስለሆነ መስኮት የመክፈት ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አንድ ወጣት ጣቱን ወደ መስኮቱ ሲሰድ ከኋላ ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይሰማል፦ «ኧረ ዝጋው ልጄ፣ ብርድ ይመታናል!» ማፈን ማንንም ገድሎ አያውቅም፤ ነፋስ ግን ገዳይ መሆኑ በመስመሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ልጁ ጣቱን ይሰበስባል፤ ፊት ያለችው ሴት ፌስታል ትጠይቃለች።

በወቅን በኩል ወደ ዳባት ሲቃረቡ የጉዞው ዋና ክፍል ይመጣል። ከፊት የሚመጣው አይሱዙ መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋል። ሹፌሩ ምንም አይናገርም፤ ረዳቱ ብቻ በለሆሳስ «ዝቅ በሉ» ይላል። ሞተሩ ላይ ያሉት ይደፋሉ፤ አራተኛዎቹና አምስተኛው ወደ ጉልበት ይገባሉ፤ ጋቢ ይለበስባቸዋል። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ፣ መስቀላቸውን ይዘው፣ ባላገኙት ወንበር ምክንያት እንደ ወንጀለኛ ይደበቃሉ፤ ሙሉ ሒሳብ ግን ከፍለዋል። የመንገድ ትራፊክ ቁጥጥር ደንቡ ስለ ትርፍ ጭነት የሚለው ግልጽ ቢሆንም፣ በሥራ ላይ የዋለው ትርጓሜ ይህ ነው፦ ሰውን መጫን ይቻላል፣ እንዲታይ ማድረግ ግን ነውር ነው። ትራፊኩ ወደ መስኮቱ ይመጣል፣ ያያል፤ ጋቢ ለብሶ የሚተነፍስ ነገርም ያያል። ከዚያ በኋላ ያለው የሰላምታ ልውውጥ አጭር ነው።

ዳባት ልዩ ቦታ ይገባታል። መኪናው ደባርቅ ሞልቶ ስለሚነሳ፣ አስፋልት ዳር የሚጠብቀው የዳባት መንገደኛ ባዶ ወንበር አይቶ አያውቅም። የደባርቅ ሰው ትርፍ የሚሆነው ሲዘገይ ነው፤ የዳባት ሰው ትርፍ ሆኖ ይወለዳል። ሒሳብ ሲጠየቅ ከዳባት መሳፈሩን ያስረዳል፤ መልሱም «መኪናው ከደባርቅ ነው የመጣው» የሚል ነው። ስለዚህ ያልሄደበትን መንገድ ይከፍላል፤ በሄደበትም ላይ አልተቀመጠም። መልስ ቢጠብቅ «ዝርዝር የለም፣ ስትወርድ» ይባላል፤ ሲወርድ ደግሞ መኪናው ይቸኩላል። ቀኑን ሙሉ ደባርቅ የቆመው መኪና የሚቸኩለው በዚህች ደቂቃ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የወገራ ደጋ በተመሳሳይ ሥርዓት ያልፋል፦ ገደብዬ ላይ አንድ ወርዶ ሁለት ይወጣል፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሁለት ወርደው ሦስት። በኮሶዬ በኩል ገደሉ ሲታይ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም ይላል። መኪናው ዳገቱ ላይ ያቃስታል፤ የነዳጅ መወደድ ይነሳል። ነዳጅ ሲወደድ ሰው ይታጨቃል፤ ሰው ሲታጨቅ መኪናው የበለጠ ነዳጅ ይጠጣል፤ እሱን ለመሸፈን አንድ ሰው ይጨመራል። ይህ ቀመር ያለ ማንም እርዳታ የሚንቀሳቀስ ነው።

ጎንደር መግቢያ ላይ፣ ከተማው ሊጀምር ጥቂት ሲቀረው፣ መኪናው ወደ ዳር ይላል። ረዳቱ «ትርፎች፣ እዚህ ውረዱ፤ መናኸሪያው ቅርብ ነው» ይላል። ትርፎቹ ሁሉ ይወርዳሉ፤ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አራግፈው፣ ዱላቸውን ፈልገው፣ ቀሪውን በእግራቸው ይያያዙታል። መኪናው ወደ መናኸሪያው ይገባል። ተቆጣጣሪው አንገቱን አስግጎ ይቆጥራል፤ 12 ናቸው። ከደባርቅ ሲወጣ የተጻፈውና ጎንደር ሲገባ የተጻፈው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ በመዝገብ ደረጃ በዚህ መስመር ላይ ትርፍ ሰው ተጭኖ አያውቅም። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ገመዱን እየፈታ ፊቱን ወደ ግቢው ያዞርና መጥራት ይጀምራል፦ «ደባርቅ፣ ደባርቅ፣ ዳባት! አንድ ሰው የቀረው!»