የሠዓሊው ዐውደ ርእይና የሰኞ ገበያተኛ

ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ለብቻው ባሳየ ጊዜ፣ ረቂቁን ሥዕል አይተው «ይህ ደግሞ ምንድር ነው?» ያሉ ሊቃውንት አልጠፉም ነበር፤ ዛሬ ግን፣ በስሙ ሙዚየም ከቆመለት ወዲህ፣ ጎብኚው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ምሥጢረ ሥላሴ እንደ ተገለጠለት ባሕታዊ ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል እንጂ የሚጠይቅ የለም። ሥልጣኑ ቢኖረኝ፣ ዐውደ ርእይ በተከፈተ ቁጥር ፍርዱን ለባቲ ከተማ የሰኞ የግመል ገበያተኛ በሰጠሁ ነበር፤ እርሱ የግመሉን ጥርስ ገልጦ ሳያይ፣ ሻኛውንም ሳይደባብስ ዋጋ አይናገርምና፤ ሳይገባውም «ጥልቅ ነው» አይልም። የክብር እንግዳውን የመክፈቻ ንግግር እስከ ፍጻሜው መታገሡን ግን እጠራጠራለሁ፤ ግመሎቹን የሚጠብቅለት ማን ነው?