ክብር ላቋራጮች

ከአነቃቂ ንግግር አዳራሽ ወጥቶ «ቢል ጌትስ እኮ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ነው» የማይል ወጣት ማግኘት ከባድ ሆኗል። አባባሉ እንደ ዳዊት በቃል ይደገማል፤ ታክሲ ውስጥ፣ ሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ ልጁን ለጥናት በሚቀሰቅስ አባት ፊት ሳይቀር። ተናጋሪው መድረኩ ላይ ወዲህና ወዲያ እየተንጎራደደ ጌትስን፣ ዙከርበርግንና ስቲቭ ጆብስን ይጠራል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ማስረጃው በዚሁ ይዘጋል። ሦስት ምስክር ቆሞ ሌላ ምን ይፈለጋል? እኔም ከእንግዲህ መከራከሬን ትቼ ይህን ጥበብ እስከ ዳር ልከተለው ወስኛለሁ።

በዚህ ስሌት ኢትዮጵያ የዓለም ባለጸጎች መፍለቂያ ልትሆን ጫፍ ላይ ናት። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ያልገባው ሰው ይህን ሰምቶ አዘነ። የገባው ግን ከመቶ ዘጠና ስድስት ሰባቱን በአንድ ጊዜ ለቢሊየነርነት ያጨ ሌላ አገር የት አለ ብሎ እልል ማለት ነበረበት። የሚቀረው እንቅፋት አንድ ብቻ ነው፦ ጌትስ የተወው ሃርቫርድን ነው፤ ሃርቫርድን ለመተው ደግሞ አስቀድሞ መግባት ግድ ይላል። መፍትሔ አይታጣም፤ በየወረዳው አንዳንድ ሃርቫርድ ይሠራ። ተማሪው በብርቱ ፈተና ተመርጦ ይግባ፣ ሁለት ዓመት ይማር፣ ሦስተኛው ዓመት ሊጀምር ሲል በጥሩንባ ይሸኝ። ጋውን የሚለብሰው ያቋረጠው ይሁን፤ ድንኳን የሚጣለውም፣ በግ የሚታረደውም ለእሱ ይሁን። ልጇ አራቱን ዓመት የጨረሰባት እናት ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትቀመጥ፤ ጎረቤትም «አይዞሽ፣ መመረቅ በማንም ይደርሳል» እያለ ያጽናናት። መሥሪያ ቤቶች የሥራ ማስታወቂያቸው ላይ «ዲግሪ የሌለው፣ ቢቻል ከስምንተኛ ክፍል የቀረ» ብለው ይጻፉ። ያኔ ፎርጅድ ዲግሪ የሚያትመው ወገናችን ሥራ እንዳይፈታ ፎርጅድ የማቋረጫ ደብዳቤ ማተም ይጀምራል፤ ማስተርሱን በድብቅ የጨረሰ ኃላፊም በአጣሪ ኮሚቴ ተይዞ «መመረቂያ ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ አይደለሁም» ብሎ ይክዳል። ስለ ሐኪሙና ስለ ድልድይ መሐንዲሱ አትጠይቁኝ፤ እነሱም ያቋርጣሉ።

እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ ያናድዳል። ይህን የሚሰብከው ሰው ፖስተሩ ላይ ከስሙ ፊት «ዶ/ር» ብሎ ሲጽፍ ደግሞ የባሰ ያናድዳል። ጌትስ የተማረበት ሌክሳይድ የተባለው የሲያትል የግል ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1968፣ ኮምፒውተር ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ለተማሪዎቹ የኮምፒውተር መስመር አስገብቶላቸው ነበር። አባቱ የታወቁ ጠበቃ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከሃርቫርድ ሲወጣም ፈቃድ ወስዶ ነው፤ ሥራው ባይሳካ ተመልሶ ይማር ነበር። ዙከርበርግም ቢሆን ገና በልጅነቱ ፕሮግራም መጻፍ የሚያስተምረው ሰው ተቀጥሮለታል። እነዚህ ሰዎች ስላቋረጡ አልከበሩም፤ የያዙት ሥራ ስለሰመረ ማቋረጥ ቻሉ። በዚህ ላይ የከበሩትን አቋራጮች መቁጠር ብቻውን ምንም አይነግረንም። አቋርጠው የደኸዩት፣ ጨርሰው የከበሩት፣ ጨርሰው የደኸዩትም ካልተቆጠሩ ንጽጽር የለም። ፈላስፋው ፍራንሲስ ቤከን እ.ኤ.አ. በ1620 ባሳተመው ኖቩም ኦርጋኑም በተባለው መጽሐፍ ውስጥ የሚጠቅሰው የጥንት ሰው ነገሩ ገብቶት ነበር። ለአማልክት ተስለው ከመርከብ አደጋ የተረፉ ሰዎችን ሥዕል ቤተ መቅደስ ውስጥ አሳይተው «አሁንስ አመንክ?» ቢሉት፣ ተስለው የሰመጡትስ ሥዕላቸው የታለ ብሎ ጠየቀ። የእኛ አዳራሽም ግድግዳ የተሞላው በተረፉት ብቻ ነው። ከአሥረኛ ክፍል ቀርቶ ዛሬ ሲሚንቶ የሚሸከመውን ማንም መድረክ ላይ አያወጣውም፤ ቢያወጡትም ትኬት አይሸጥም።

«ምሳሌው ለመነሳሳት ነው እንጂ ለስሌት አይደለም» የሚሉ አሉ። ሰው በምሳሌ መበርታቱን አልክድም። ነገር ግን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳዩት፣ ሰው የአንድን ነገር ብዛት የሚገምተው ምሳሌው ቶሎ ትዝ በሚለው መጠን ነው። ስለዚህ ያ ምሳሌ፣ ተናጋሪው ፈለገም አልፈለገም፣ አድማጩ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ስሌት ይሆናል። የኃይሌ ገብረ ሥላሴም ታሪክ እንዲሁ ይነገራል፤ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ስለሄደ ጀግና ሆነ ይባላል። በየገጠሩ ያንኑ ያህል መንገድ የተመላለሰው ልጅ ሁሉ ግን ሜዳሊያ አላጠለቀም። (ደግሞም ኃይሌ የሮጠው ወደ ትምህርት ቤት ነው፤ ይህን አነቃቂዎቹ ልብ አላሉትም።) ከበድ ያለው መከራከሪያ ሌላ ነው፤ «ተመርቀው ሥራ ያጡት ስንት ናቸው?» ይላሉ። ብዙ ናቸው፣ ቁጣቸውም ተገቢ ነው። የሚነጻጸሩት ግን ሳይማሩ ሥራ ካጡት ጋር እንጂ ከቢል ጌትስ ጋር አይደለም። ሥራ አጡን ምሩቅ ከዓለም ቁንጮ ባለጸጋ አጠገብ አቁሞ «ይኸው፣ ትምህርት ዋጋ የለውም» ማለት ማጭበርበር ነው።

ጌትስ ራሱ ወጣቶች ዩኒቨርሲቲ እንዲጨርሱ በይፋ መክሯል፤ ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2007 የክብር ዶክትሬት ሲሰጠውም «አልፈልግም» አላለም። እናም አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ለአዳራሹ ትኬት ከቆረጥክ በጥያቄ ሰዓት እጅህን አውጣና ያቋረጡት በጠቅላላ ስንት እንደሆኑ ተናጋሪውን ጠይቀው። መልስ ከሌለው ገንዘብህን አስመልስ።