ያቺ ከላይ ያለች ነጭ ነገር

ቡሬ ላይ ለበርበሬ ነጋዴ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ለመድኃኒት መደብር የሽያጭ ፕሮግራም የምንሠራ ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን ስለ ሒሳቡ አይደለም። ሒሳቡማ ገቢ፣ ወጪ፣ ዱቤ፣ ቀሪ ነው። ዕድሜያችንን የሚበላው ያ ከመስኮቱ አናት የተጋደመው ታይትል ባር ነው። ደንበኛው ፕሮግራሙን ሲረከብ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፦ «ይቺን ነጭ ነገር አጥፋልኝና የሱቁን ስም በወርቃማ ጻፍልኝ። ዳር ዳሩንም አረንጓዴ አርገው፣ የኔ ልጅ።» እሺ ጋሼ።

ምን ያድርጉ፣ የቀለም ሥራ ይመስላቸዋል። ታይትል ባሩና ጠርዙ ግን የእኛ አይደሉም፤ የዊንዶውስ ናቸው። ዊንዶውስ ለአንድ መስኮት ብቻ ቀለሙን ለይቶ የሚቀይር ትእዛዝ የሰጠን እ.ኤ.አ. በ2021 ከዊንዶውስ 11 ጋር ነው። በሱቁ ባንኮኒ ላይ ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ያገለገለ ተገዝቶ የመጣ፣ ዊንዶውስ 10 የተጫነበት፣ አንዳንዴም 7 ነው። እንግዲህ የቀረው መላ ጠርዙን ጨርሶ ማንሳት ነው፤ በሩን ቀለም ቀባ የተባለ ሰው መቃኑን ከነማጠፊያው ነቅሎ እንደገና ሲተክል ማለት ነው።

መንቀሉ ቀላል ነው። በዊንዶውስ ፎርምስ ከጠርዝ ዓይነቶች ውስጥ «ምንም» የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው። ከዚያ ጉዱ ይጀምራል። መስኮቱ በማውዝ አይጎተትም። ዳሩን ይዘህ ልታሰፋው ብትል አይሰፋም። ጥላው ይጠፋል፤ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉት መተለቁም ይቀራል። ሁሉንም አንድ በአንድ ራስህ ትጽፋለህ። ጨረስኩ ብለህ ስታተልቀው ደግሞ ታስክባሩን ይሸፍነዋል፤ ከታስክባሩ ጋር ሰዓቱም የባትሪው ምልክትም ይሰወራሉ። መብራት በየቀኑ በሚሄድበት አገር ባትሪው ስንት እንደቀረው የማያሳይ ፕሮግራም ሸጠህ እስኪ ነጋዴ ፊት ቁም!

ዐዋቂዎቹ «እንዲህ አይደለም፣ ጠርዙን ሳትነቅል ዊንዶውስን አሳምነው» ይላሉ። ዊንዶውስ የመስኮቱን ስፋት ሲያሰላ በሚልከው መልእክት ጣልቃ ገብተህ «ቦታው በሙሉ የኔ ነው» ትለዋለህ። ከዚያ ማውዙ በተንቀሳቀሰ ቁጥር «ይሄ ራስጌው ነው? ጠርዙ ነው? ማዕዘኑ ነው?» እያለ ይጠይቅሃል፣ አንተም ሳትሰለች ትመልሳለህ። ጥላውም ጎተታውም ተመለሰ ብለህ ስታተልቀው፣ መስኮቱ በጠርዙ ውፍረት ልክ ከስክሪኑ ውጪ ይወጣና የሱቁን ስም አናት ይቆርጠዋል። በወርቃማ የተጻፈውን ስም!

የጥንቶቹ ፕሮግራም ሠሪዎች እንኳ ጠርዙን ለመንቀል ምክንያት ነበራቸው። በቪዥዋል ቤዚክ 6 ዘመን ታይትል ባር ላይ አማርኛ ስትጽፍ የጥያቄ ምልክት ይደረደርልሃል። የዚያን ጊዜውን ፓወር ግዕዝ ብትሞክር ደግሞ ፊደሉ በላቲን ቦታ ስለተቀመጠና ታይትል ባሩ የራሱን ፎንት ስለሚጠቀም፣ ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ይወጣል። ስለዚህ ጠርዙን አውልቀው፣ በፎርሙ አናት ሌብል ዘርግተው የመሥሪያ ቤቱን ስም በግዕዝ ፊደል ጻፉ። ተገቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታ ከኒያላ ፎንት ጋር ሲመጣ፣ ዩኒኮድ በሚያውቅ ፕሮግራም አማርኛው ታይትል ባር ላይ ያለ ጣጣ ተነበበ። ችግሩ ሄደ፣ መንቀሉ ግን ለወርቃማ ቀለም ሲባል ለእኛ ተረፈን።

የአዲስ አበባ ልጆች «ወደ ድረ ገጽ አዙሩት» ይሉናል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ሲቆይ የበርበሬውን ዱቤ የት ልንመዘግበው ነበር? በድረ ገጽ መሣሪያ የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚሠራበት ኤሌክትሮንም ቢሆን ያው ነው፤ ራስጌውን የሚጎተት ስታደርገው በላዩ ያሉት በተኖች ጠቅታ አይሰሙም፣ እነሱን ደግሞ ለይተህ «አትጎተቱ» ማለት አለብህ።

ይህ ሁሉ አልቆ፣ መዝጊያዋ ኤክስ ማውዝ ሲደርስባት ቀላ እንድትል ሳይቀር አሳምረህ ታስረክባለህ። በሳምንቱ ስልክ ይደወላል። «ያቺን ኤክስ አጥፋልኝ እባክህ፣ ልጆቹ ሒሳብ ሳይጨርሱ እየዘጉ አስቸገሩኝ።» ታጠፋታለህ። ልጆቹ አሁን የላፕቶፑን ማጥፊያ ተጭነው ነው ወደ ምሳ የሚሄዱት።