ስለ ነዳጅ ማደያ አሠራር፣ ከነሰልፉ

ነዳጅ ማደያ ከመሬት በታች የተቀበረ ጋን፣ ከመሬት በላይ የቆመ ማሽን፣ ከማሽኑ አጠገብ የቆመ ቀጂና ከቀጂው እስከ ቀጣዩ አደባባይ የተዘረጋ ሰልፍ ያሉት ተቋም ነው። ጋኑና ማሽኑ በምሕንድስና መጻሕፍት በሚገባ ተጠንተዋል። ቀጂውና ሰልፉ ግን የሚገባቸውን ያህል አልተመረመሩም።

የማሽኑ ታሪክ የሚጀምረው ከቤንዚን ሳይሆን ከላምባ ነው። በ1885 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ፎርት ዌይን ከተማ ሲልቫነስ ባውዘር የተባለ ሰው ለአንድ ባለሱቅ በእጅ የሚሠራ የላምባ ፓምፕ ሸጠ። የባለሱቁ ችግር ላምባው ከቅቤው ጎን መቀመጡ እንደነበር ይነገራል፤ ቅቤና ላምባ በአንድ ዘንቢል ይዞ ከገበያ የተመለሰ ሰው ጉዳዩ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ በርታ ቤንዝ በባሏ የተሠራውን መኪና ይዛ በጀርመን ረጅም መንገድ ስትጓዝ ነዳጅ ቢያልቅባት ቪስሎክ ከተማ ካለ መድኃኒት ቤት ገዛች። ማደያ ከመድኃኒት ቤት መወለዱ ብዙ ጠባዩን ያስረዳል። «አልገባም፤ ሌላ ቦታ ሞክሩ» የሚለው መልስ እስከ ዛሬ በሁለቱም ዘንድ ቀና ሳይባል ነው የሚሰጠው።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ፓምፑ ነዳጁን ይስበዋል መባሉ ትክክል አይደለም። ፓምፑ የሚያደርገው በቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት መቀነስ ነው፤ ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፋው ጋኑ ውስጥ ያለው አየር ነው። የአየር ግፊት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚቀንስ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ግፊት ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ታገኛለች። ቤንዚን አዲስ አበባ ላይ እንደ ልብ ያልወጣበትን ምክንያት በዚህ ማሳበብ ያጓጓል። ነገር ግን በብዙ ማደያዎች ፓምፑ ራሱ ጋኑ ውስጥ ጠልቆ ከታች ወደ ላይ ስለሚገፋ ሰበቡ ብዙ አያስኬድም።

ነዳጁ ከወጣ በኋላ በመጀመሪያ ከአየር ይለያል፤ አለዚያ ደንበኛው ከቤንዚኑ ጋር አየር ገዝቶ ይሄዳል። ቀጥሎ ወደ መለኪያው ይገባል። በመለኪያው ውስጥ ያሉት ፒስተኖች በአንድ ዙር የሚያሳልፉት መጠን የታወቀ ስለሆነ፣ ዙሩ ሲቆጠር ሊትሩ ይቆጠራል። ቁጥሩም በማሽኑ ፊት ላይ እስከ መቶኛ ሊትር ድረስ ይነበባል። ትክክለኛነቱ የሚመረመረው ልኩ በተረጋገጠ ቆርቆሮ፣ በተለምዶ ባለ 20 ሊትር፣ ቀድቶ በማስተያየት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በዕለት ኑሮው ከሚያገኛቸው ነገሮች ሁሉ የዚህን ያህል ተጠንቅቆ የሚለካለት ጥቂት ነው። የሥጋ ሚዛን ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ የታክሲ ረዳት መልስማ ጭራሹኑ ሌላ የሒሳብ ዘርፍ ነው።

ቤንዚን ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ከሺህ 1 እጅ ያህል ያብጣል። ከዚህ ተነሥተው «በጠዋት ብርድ ሲቀዳ በረከት አለው» የሚሉ አሽከርካሪዎች አሉ። የተቀበረ ጋን ሙቀት ግን በጠዋትና በቀትር መካከል እምብዛም አይለዋወጥም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ማደያ ደጃፍ የሚታዩት ሰዎችም ለዚህ ሳይንስ ብለው የተነሡ አይደሉም፤ ከፊሎቹ እንዲያውም ያደሩ ናቸው።

መቅጃው ሰልባትዮው ሲሞላ በራሱ ይዘጋል። ጫፉ አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ነዳጁ ሲፈስ በዚያች ቀዳዳ አየር ይሳባል። ነዳጁ ከፍ ብሎ ቀዳዳዋን ሲደፍናት አየሩ ይቋረጣል፣ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ይሳባል፣ ምላሱም ጠቅ ብሎ ይለቀቃል። ኤሌክትሪክም ሆነ ኮምፒውተር አያስፈልገውም። ይህ ድምፅ በሌላው ዓለም የመቅዳት ፍጻሜ ነው። በኢትዮጵያ ግን የሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ነው፦ ባለሚኒባሱ ወርዶ መኪናውን ግራና ቀኝ ይወዘውዛል፣ ቀጂው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል፣ ሁለቱም በክዳኑ አፍ ይመለከታሉ። መወዝወዙ የታሰረውን አየር ስለሚያስወጣ ጥቂት ይጨምራል። የተጨመረው ነገ ሰልፍ ላይ ሞተር በማስነሣት ያልቃል።

ማሽኑ በሊትር ያስባል፤ ደንበኛው ግን በብር። «5 ሊትር ቅዳልኝ» የሚል ሰው ጀሪካን የያዘ መሆኑ ይጠረጠራል፤ የተለመደው «የ500 ቅዳ» ነው። ይህ አነጋገር ለነርቭ ጠቃሚ ነው፣ ዋጋ ሲጨምር የሚለወጠው ሊትሩ እንጂ ትእዛዙ አይደለምና። በ2014 ማብቂያ ላይ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲሆን፣ «የ500» ማለት 10 ሊትር ከግማሽ ገደማ ነበር። በ2017 ገና ሰሞን ዋጋው 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲገባ ያው «የ500» 5 ሊትር መሙላት ተሳነው። ደንበኛው በሁለቱም ጊዜ ተመሳሳይ ቃል ተናግሮ ተመሳሳይ ገንዘብ ከፍሎ ሄደ። ልዩነቱን ያወቀው ሪዘርቭ ሲበራ፣ ያም ከተለመደው ቦታ ሁለት ሠፈር ቀደም ብሎ ነው።

ሰልፉ የሚወለደው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ነዳጅ ሲጠፋ ነው። የሀገሪቱ ነዳጅ ከውጭ ተገዝቶ፣ አብዛኛው ከጅቡቲ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ ተጭኖ ስለሚመጣ፣ መንገድ ላይ የሚያገኘው ጣጣ ሁሉ መጨረሻው ከተማ ውስጥ ሰልፍ ይሆናል። ሁለተኛው ነዳጅ ሳይጠፋ ነው፤ «ዋጋ ሊጨምር ነው» የሚል ወሬ በማታ ይነሣል፣ ሁሉም ወጥቶ ይሰለፋል፣ ጋኑ ያልቃል። ወሬው ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ሰልፉ ግን ሐሰት ሆኖ አያውቅም።

ተሰላፊ ሞተሩን አጥፍቶ መኪናውን በእጁ እየገፋ ይጠጋል። ጥሎ ሲሄድ «ከኋላህ ነኝ» ብሎ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለስም ቃሉ ይጸናለታል። ቆሎ፣ ሶፍትና ማስቲካ ሻጮች ሰልፉን ከማንም በፊት ያውቁታል፤ ቦቴ ገብቶ እየተራገፈ መሆኑንም የሚያበሥሩት እነሱ ናቸው። ለተመራማሪ ከሁሉ የሚደንቀው ግን ከማደያው ሰልፍ ጎን ለጎን የሚበቅለው የታክሲ ሰልፍ ነው። የታክሲ ሰልፍ የሚረዝመው ታክሲዎቹ የነዳጅ ሰልፍ ላይ ስለሆኑ ነው። ሁለቱ ሰልፎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ይተያያሉ፤ እያንዳንዱ የሚጠብቀው ማዶ ያለውን ነው።

ሰልፉን የማይወድ ሰው ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ይገዛል። ሃይላንዱ ፒስተንም መቶኛ ሊትርም የለውም። ዋጋው የሚተመነው በገዢው ፊት ላይ በሚነበበው ድካም መጠን ነው፤ ይህም በራሱ ትክክለኛነቱ የተመሰከረለት መለኪያ ነው።

ክፍያ ቀድሞ በጥሬ ብር ነበር፤ የማደያ ብር በጠረኑ ይታወቅ ነበር። ከ2015 ጀምሮ ግን፣ በሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ፣ በግንቦት ደግሞ በመላ ሀገሪቱ፣ የነዳጅ ክፍያ በስልክ እንዲሆን ግዴታ ሆነ። ደንበኛው የታርጋ ቁጥሩንና የገንዘቡን መጠን ያስገባል፣ ሚስጥር ቁጥሩን ይነካል፣ መልእክቱ ይመጣል፣ ቀጂው አንገቱን አስግጎ ያነባል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ስልክ በቀይ መስመር ተሰርዞበት «ስልክ መጠቀም ክልክል ነው» ከሚለው ምልክት ሥር ነው። ምልክቱ አልተነሣም፤ ክፍያውም አልተከለከለም። ሁለቱ ድንጋጌዎች እስካሁን በሰላም አብረው ይኖራሉ።

በዚህም የተነሣ ለአንድ መቅዳት አራት ነገሮች በአንድ ደቂቃ መገናኘት አለባቸው፦ ነዳጅ፣ መብራት፣ ኔትወርክና ሒሳብ። ነዳጅ ኖሮ መብራት ከጠፋ ማሽኑ አይዞርም። ጄኔሬተር ቢኖር እንኳ የሚጠጣው ናፍጣ ያለው ጋኑ ውስጥ ነው፣ ከጋኑ የሚያወጣው ደግሞ መብራት ነው። ስለዚህ ብልህ ማደያ ከጄኔሬተሩ አጠገብ አንድ ቢጫ ጀሪካን አያጣም። መብራት ኖሮ ኔትወርክ ከጠፋ ደንበኛው ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ከኋላው ያለው ክላክስ ያደርጋል፣ ከዚያ ኋላ ያለው ለእሱ ክላክስ ያደርጋል። ሒሳብ ሲጎድል ለዘመድ ይደወላል። ቀጂው በዚህ ሁሉ መካከል መቅጃውን እንደ ጽዋ ይዞ ቆሞ፣ ማንኛቸው እንደጎደለ ሳይለይ፣ በአንድ ቃል «የለም» ይላል።

ክፍያው ሲያልቅ መቅጃው ወደ ቦታው ይሰቀላል። ቀጣዩ ሲጠጋ ቀጂው የማሽኑን ፊት በጣቱ ጠቁሞ «ዜሮ ነው፣ እይ» ይላል፤ አሽከርካሪውም አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። በዚሁ ማሽን ላይ ግን ዜሮ የማይል ሌላ ቆጣሪ አለ። ከተተከለበት ቀን ጀምሮ የቀዳውን ሁሉ እየደመረ ይሄዳል፤ ቀጂዎች ፈረቃ ሲቀያየሩ በደብተር የሚመዘግቡት ያንን ነው። ተሰላፊዎች የጠበቁትን ሰዓት የሚደምር ቆጣሪ አልተገጠመለትም።