ጠበቅ ይበል!

መኪና ተበላሽቶ ሲቆም ሰው አልፎት ይሄዳል። ሞተር ሳይክል አጠገብ የተንበረከከ ሰው ሲያይ ግን ልጁም ሽማግሌውም ይከበዋል። የመኪና ጉድ ከቆርቆሮ ሥር ነው፤ የሞተር ሳይክል ግን ሰንሰለቱም ካቦውም አደባባይ ላይ ነው። አደባባይ የወጣ ነገር ደግሞ መካሪ አያጣም።

የእኔዋ ሞተር የፍሪሲዮን ካቦዋ ላልቶ ከርሟል። ካቦ ሲያገለግል ይሳባልና እጀታውን እስከ መጨረሻው ጨብጬው እንኳ ፍሪሲዮኑ በቅጡ አይለቅም ነበር። አንደኛ ማርሽ ሳስገባ «ቋ!» ትላለች፤ ቆሜ ሰው ላሳልፍ ስል ወደ ፊት ትገፋኛለች፤ ኒውትራል ለማግኘትማ ስለት ያስፈልግ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ደሴ ላይ በሚያገባበት ዕለት ማለዳ፣ ሙሉ ልብሴን ግጥም አድርጌ ከኮምቦልቻ ልነሣ ስል ያቺ «ቋ» ከአጥር ማዶ ተሰማች። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ አሰብ ወደባችን በነበረ ጊዜ የአፋርን በረሃ ከነተሳቢው ሲያቋርጡ የኖሩ ሰው። 10 ቁልፍና ፒንሳቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ይኼማ ልል ሆኗል። ጠበቅ ይበል እንጂ!»

ቁልፉን ልቀበላቸው ብል «ሚዜ ግራሶ አይነካም» ብለው ገለል አደረጉኝ። እጀታው ሥር ያለችውን የጎማ ሽፋን ገለጡ፤ ዳዶዋን አላሉ፤ ማስተካከያዋን ወደ ውጭ አዞሩ። አዞሩ። አሁንም አዞሩ። እጀታው ንቅንቅ አልል ሲል ካቦውን በጣታቸው መታ አድርገው «የክራር ጅማት!» አሉ ረክተው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ጨዋታ ቢኖረው አይሻልም?»

«ልጄ፣ ልል ነገር አይታመንም። አብሽር፤ ሂድ!»

አሰብ ደርሶ የተመለሰን ሰው፣ ደሴ ለመድረስ የሚንገዳገድ ጎረምሳ አይከራከረውም።

ከተማ ውስጥ ማርሹ ቅቤ ሆነ። በልቤ መረቅኋቸው። ኮምቦልቻና ደሴ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ደሴ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ መሐል ላይ ደግሞ ሐረጎ አለ። የሐረጎን ጥምዝምዝ ስጀምር ሁለተኛ አስገብቼ ነዳጅ ሰጠሁ። ኢንጂኑ ጮኸ፤ ጎማው አልሰማም። ጨመርኩ፤ ጩኸቱ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ቀነሰ። እህል የጫነ አይሱዙ ጥሎኝ አለፈ። ቀጥሎ ጭድ የጫነች አህያ የሚነዳ ልጅ ደረሰብኝ፤ ጎን ለጎን ጥቂት ከሄድን በኋላ «አብሽር ጋሼ!» ብሎ ቀደመኝ። ወዲያው የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዬን መታው።

ሰው የሌለበት ተራራ መስሎኝ ነበር የቆምኩት። ከየት እንደመጡ እንጃ፣ ከበቡኝ። አንዱ «ካንዴላ ነው» አለ። ሌላው ቤንዚኑ ውሃ እንደገባበት ማለ። አንድ ሽማግሌ ካቦውን ዳሰስ አድርገው «ይኼ ትንሽ ጠበቅ ቢል» ሲሉ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። የገላገለኝ ወደ ላይ ራቅ ብሎ የቆመው የአይሱዙ ረዳት ነው። ወርዶ መጣና እጀታውን በአንድ ጣት ነካ ነካ አድርጎ «ጋሼ፣ ካቦውኮ አልለቀቀም» አለ።

ልክ ነው። የእኔዋ ሞተር ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ የተደራረቡ ሸራዎችና የብረት ሳህኖች ናቸው። ሞላዎች አጥብቀው ሲጫኗቸው አብረው ይዞራሉ፤ የኢንጂኑ ጉልበትም ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል። እጀታው ሲጨበጥ ካቦው ያንን ጫና ያነሣዋል፤ ሳህኖቹም ይላቀቃሉ። ካቦው ያለ ጨዋታ ከተወጠረ ግን ማንም ሳይነካው እጀታው በከፊል እንደተጨበጠ ነው የሚቆየው። ሞላው ሙሉ ጫናውን አያሳርፍም፤ ሸራው ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ዳገት ጉልበት ሲጠይቅ ነው የሚጋለጠው። መሪ ሲጠመዘዝ ካቦው ይብስ ሊሳብ ይችላል፤ ሐረጎ ላይ ደግሞ መሪ የማይጠመዘዝበት ቦታ የለም።

«ሳንቲም አለህ?» አለኝ ረዳቱ።

ከሙሉ ልብሴ ኪስ አንዲት የአንድ ብር ሳንቲም ወጣች። ማስተካከያዋን ወደ ውስጥ እየመለሰ፣ እጀታውና ማቀፊያው መሐል ሳንቲሟ ላላ ብላ እስክትገባ ድረስ ካቦውን ለቀቀው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በእጀታው ጫፍ ሲለካ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ጨዋታ ይሆናል። ከዚያ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጥጉ አዙሮ ጨዋታው እንዳልጠፋ አረጋገጠና ዳዶዋን ቆለፈ። ኢንጂኑ እስኪበርድ ጠብቄ ሐረጎን ወጣሁ። ሙሽራዋ ቤት ስደርስ የደጃፉ ክርክር አልቆ ምሳ ቀርቧል።

የተቃጠለው ሸራ ብዙም ሳይቆይ ተቀየረ፤ የተከፈለበትን ባልናገር ይሻላል። ሳንቲሟ ግን ከ10 ቁልፉ ጋር ከመቀመጫው ሥር ትኖራለች። አንድ ብር በዛሬ ጊዜ ምን ይሠራል የሚለኝ ሰው ካለ፣ ካቦ ሲያጠብቅ ይጥራኝ።