ቦርጭ እንዳይለቅዎ የሚያደርጉ ዘጠኝ ምክሮች

የቦርጭን መድኃኒት የማያውቅ ሰው በደሴም በኮምቦልቻም የለም። ቡና እየተፈላ፣ ሚኒባስ እስኪሞላ እየተጠበቀ፣ በጫት ሰዓት፣ በሠርግ ቤት ሁሉም ይመክራል። በብዛት የሚደጋገሙትን ዘጠኙን ከዚህ በታች በተርታ አስፍሬያቸዋለሁ። ዘጠኙንም ሳያጓድል የተከተለ ሰው ቦርጩ ባለበት ይቆያል፤ ሊጨምርም ይችላል። ጉዳዩ ከመልክ ያለፈ፣ የልብና የስኳር በሽታ ጉዳይ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ምክር ሥር የሚያሳስትበትን ምክንያትና የሚሻለውን መንገድ ጽፌያለሁ።

ምክር 1፦ «ቦርጭ የምቾት ምልክት ነው፤ ደስ ይበልዎ»

ይህ አባባል በወሎ ምድር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ1965 እና 1966 ዓ.ም.፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ይህን አገር አራቁቶታል። ያንን ዘመን ያየ አባት የልጁ ፊት ሞልቶ፣ ሆዱም ገፋ ብሎ ሲያይ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ቢል ማን ይወቅሰዋል? ነገር ግን በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚጠራቀም ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቅባቱን ወደ ጉበት ይለቃል፤ ኢንሱሊን ሥራውን በአግባቡ እንዳይሠራ ያደርጋል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ የገፋ ሰው «እኔ ወፍራም አይደለሁም» ይላል፤ ሚዛኑም ይመሰክርለታል። አደጋው ግን እዚያው ሆዱ ላይ ነው።

ስለዚህ ከሚዛኑ ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይያዙ። ከመጨረሻው የጎን አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት በላይ ባለው መካከል፣ ትንፋሽዎን አውጥተው፣ ሆድዎን ሳይስቡ ይለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፉ አደጋው ይጨምራል፤ ወንድ ከ102፣ ሴት ከ88 ሲያልፉ ደግሞ እጅግ ከፍ ይላል። ሌላው ቀላል መለኪያ ወገብ ከቁመት ግማሽ ማነሱ ነው፤ ቁመትዎ 170 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወገብዎ ከ85 በታች ሊሆን ይገባል።

ምክር 2፦ «በየቀኑ መቶ ሲት አፕ ይሥሩ፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም»

ሲት አፕ የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል፤ ከላዩ ያለውን ስብ ግን ነጥሎ አያነሳም። ሰውነት ስብ ሲያቃጥል ከመላው አካል እንጂ እኛ ካዘዝነው ቦታ ብቻ አይወስድም። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ የቴኒስ ተጫዋቾች ተለክተው ነበር። ራኬት የሚይዘው ክንዳቸው በጡንቻ ከሌላው ቢበልጥም ከቆዳው ሥር ያለው ስብ በሁለቱም ክንድ እኩል ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ለ6 ሳምንት የሆድ ስፖርት ብቻ የሠሩ ሰዎች የሆዳቸው ስብ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ሲት አፑን ከወደዱት ይሥሩት። ቦርጩን የሚቀንሰው ግን መላ ሰውነት የሚንቀሳቀስበት ሥራ ከተስተካከለ ምግብ ጋር ሲሆን ነው።

ምክር 3፦ «ዳገቱን በባጃጅ ይውጡ፤ ስፖርቱን ሌላ ጊዜ ይሠሩታል»

ደሴ ከጦሳ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የዳገት ከተማ ናት። ለሰኞ ገበያ ከገጠር ሸክም ይዘው የሚወጡ እናቶች ቦርጭ የላቸውም። ከተሜው ግን ከፒያሳ ሸዋ በር ለመድረስ ባጃጅ ይጠራል፤ ለሁለት ፎቅም ሊፍት ይፈልጋል። «ሌላ ጊዜ» የተባለው ስፖርትም ሳይመጣ ዓመት ያልፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን ፈጠን ብሎ መራመድ ዝቅተኛውን ይሞላል። ፍጥነቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከጎንዎ ካለው ሰው ጋር ማውራት እየቻሉ መንዙማ ማዜም ካቃተዎ ልክ ነው። ዳገት ልብን ቶሎ ስለሚያሠራ ደሴ ላይ ያለ ክፍያ የተሰጠ ጂም አለ። ኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው የሚደርሱባት፣ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ በመሆኗ እዚያ ንጋት ወይም ምሽት ይሻላል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ቁጭ ብድግና ፑሽ አፕ ይጨምሩ። ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር የሚወስድ ትልቁ አካል ነውና ማጠንከሩ ለስኳር በሽታ መከላከያ ነው። ጉልበቱን የሚያመው ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሜዳ ላይ በዝግታ ይጀምር፤ አስቀድሞም ሐኪሙን ያማክር።

ምክር 4፦ «ምሳ ይዝለሉ፤ በለስላሳ ይያዙት»

አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ኮካ ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከስድስት ማንኪያ እንዳናልፍ ይመክራል። ስለዚህ አንዱ ጠርሙስ ብቻ የቀኑን ድርሻ ጨርሶ ያልፋል። ፈሳሽ ስኳር አያጠግብም፤ ምሳ የዘለለው ሰው አመሻሽ ላይ ርቦት ከልክ በላይ ሊበላ ይችላል። ስኳር የተጨመረበት ስፕሪስም ከፍራፍሬ ስለተሠራ ብቻ ከዚህ ነጻ አይሆንም፤ ብርቱካኑን ልጦ፣ ፓፓያውን ቆርጦ መብላት ይሻላል።

የደሴ ብርድ ስኳር የበዛበት ሻይ እንደሚያስመኝ አውቃለሁ። በአቦል፣ በቶናና በበረካ ላይ ሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጨምር ሰው ከአንድ ቡና ብቻ ስድስት ማንኪያ ይጠጣል። ከሁለት ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ግማሽ በየሳምንቱ ቢቀንስ ምላሱ ቀስ በቀስ ይለምዳል። የቡና ቁርሱም ቆሎ ይሁን፤ ትንሽ እፍኝ ይበቃል።

ምክር 5፦ «ሥጋ ያወፍራል፤ ቢራ ግን ፈሳሽ ስለሆነ ይወርዳል»

ኮምቦልቻ የቢራ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት፤ ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛ ሙሉ ጠርሙስ ማየት ብርቅ አይደለም። አንድ የ330 ሚሊ ሊትር ቢራ 140 ካሎሪ ገደማ አለው፤ አራቱ የአንድ ሙሉ ምሳ ያህል ይሆናሉ። ሰውነት አልኮሉን አስቀድሞ ስለሚያቃጥል አብሮ የተበላው ጥብስ ቅባት ወደ ማከማቻ ይሄዳል።

ጫት ላይ የሚቀመጥም ሰው «እኔ አልበላም፣ ምግብ ይዘጋኛል» ይላል። ለስላሳውንና ለውዙን ግን አይቆጥርም። ምርቃናው ሲበርድ ደግሞ ረሃቡ ተጠራቅሞ ይመጣል፤ ለጨብሲ የሚወጣም ቢራውን ይጨምርበታል፤ እንቅልፉም እስከ ሌሊት ይርቃል። መጠጥ የማይጠጡ ከሆነ አይጀምሩ። የሚጠጡ ከሆነ ቀኑን ይቀንሱ፤ ቢራ በተጠጣበት ማታ ጥብሱ ይቅር።

ምክር 6፦ «ጾም ገብቷል፤ አብሽር፣ ቦርጩ በራሱ ይቀልጣል»

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረመዳን ደግሞ 29 ወይም 30። ሁለቱም ሰውነትን ለማሳረፍ ትልቅ ዕድል ናቸው። ዕድሉን የሚያበላሸው ከጾሙ መፍቻ በኋላ የሚሆነው ነው። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ፣ ፓስቲ፣ ቦንቦሊኖ፣ ከላዩ ጣፋጭ ጭማቂ፤ በሁዳዴም ዘይት የሚዋኝበት ሽሮና የተጠበሰ ድንች ይደረደራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። በብዛት የምንጠቀመው የሚረጋው የፓልም ዘይት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይበጅ ቅባት ነው። ወጥ ሲሠሩ ዘይቱን ከጀሪካን ከማንቆርቆር ይልቅ በማንኪያ ይስፈሩ፤ ልዩነቱን ውሎ አድሮ ወገብዎ ላይ ያዩታል።

ለአፍጥር ተምር፣ ውሃና ሾርባ አስቀድመው ጥቂት ይቆዩና ወደ እራቱ ይግቡ። ለፋሲካና ለዒድም ሦስት ቀን በተከታታይ ከልክ በላይ መብላት ከጾሙ የተገኘውን ያበላሻል። በዓሉ አንድ ቀን ይሁን።

ምክር 7፦ «እንጀራ ይተዉ፤ ጥፋቱ የጤፍ ነው»

ጤፍ ፋይበርና ብረት ያለው እህል ነው። ሁለት ሙሉ እንጀራ ከጥቂት ወጥ ጋር መብላት ግን አንድ ነገር ብቻ አብዝቶ መብላት ነው። ትሪውን በዓይንዎ ይክፈሉት፤ ግማሹ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም እንቁላል፣ ቀሪው ሩብ እንጀራ ይሁን። ጥራጥሬና አትክልት ሆድን ስለሚይዙ ሰው ራሱን ሳያስርብ ይቀንሳል። እንጀራን ሙሉ በሙሉ የተወ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በነጭ ዳቦና በፓስታ ይተካዋል፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

የወሎ ሰው እንግዳ ሲያበላ «በሞቴ» ይላል፤ እምቢ ማለትም ያስከፋል። ይህን ባህል አልነቅፍም፤ ፍቅር አለበት። አስተናጋጆችን የምለምነው ግን አለ። አንዴ «በሞቴ» ይበሉ፤ እንግዳው ስኳር ወይም ግፊት እንዳለበት ከነገረዎ አይድገሙት።

ምክር 8፦ «ሻዩን ይጠጡ፣ ቀበቶውን ይጠምጥሙ፣ በወር 15 ኪሎ ይወርዳል»

የቦርጭ ማጥፊያ ተብለው ከሚሸጡ ሻዮች ብዙዎቹ የሚያስቀምጥ ቅጠል አለባቸው። ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል፤ መልሶ መላልሶ መጠጣትም ሰውነትን ጨው ያሳጣል። የሚጠመጠመው ቀበቶም ላብን እንጂ ስብን አያወጣም። ሎሚ በሙቅ ውሃ ጥሩ መጠጥ ነው፤ ስብ ግን አያሟሟም። ጤነኛ አቀናነስ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው።

አራስ ሴትን ደግሞ በሻዩም በቀበቶውም አታስቸግሯት። ከወለደች ሁለት ወር ያልሞላትን እናት «ሆድሽ አልገባም እኮ» ማለት ነውር ነው። የሚያስፈልጋት ምግብ፣ እንቅልፍና የሚያግዛት ሰው ነው፤ መራመዱ ስትድን ይደርሳል።

ምክር 9፦ «እንቅልፍ የሰነፍ ነው፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልክ ይዩ»

እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ጥናት ለሁለት ሳምንት በቀን አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ጤነኛ ሰዎች በሆድ ዕቃቸው ዙሪያ ያለው ስብ 11 በመቶ ጨምሯል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ይበልጥ ይርበዋል፤ የሚያምረውም ጣፋጭና ቅባት ነው። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠሩ ወገኖች ይህን ሸክም ፈልገው አልተሸከሙትም። የሌሊት ፈረቃ ካለዎ ዋናውን ምግብ ከሥራ በፊት ይብሉ፤ ሌሊት ቀለል ያለ ስንቅ ይያዙ፤ ቀን መስኮቱን በጨርቅ ሸፍነው ስልኩን አጥፍተው ይተኙ። ፈረቃ የሌለበት ሰው ግን ሰባት ሰዓት ለመተኛት የሚያግደው ነገር የለም።

ዘጠኙን ምክሮች የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር ነው፤ ወይ ቦርጭን ችላ ይላሉ፣ ወይ በአንድ ዘዴ ይጠፋል ይላሉ። ቦርጭ በብዙ ትናንሽ ልማዶች ለዓመታት የመጣ ስለሆነ የሚሄደውም እነዚያ ልማዶች አንድ በአንድ ሲቀየሩ ነው። ለውጤቱም ከሚያስቡት ያነሰ ለውጥ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ የአሜሪካ ታላቅ ጥናት ለስኳር በሽታ የቀረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ታግዘው በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ለ80 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት ከስድስት ኪሎ ያነሰ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሆድዎ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ድንገት ከገፋ፣ እግርዎ ካበጠ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ክንድዎ እየከሳ ሆድዎ እያደገ ከሄደ ያ ቦርጭ ላይሆን ይችላል። ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ይዩ። ዕድሜዎ 40 ካለፈም ወገብዎ ምንም ያህል ይሁን የደም ግፊትዎንና ስኳርዎን በዓመት አንድ ጊዜ በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ያስለኩ።

ዛሬ ማታ ወገብዎን ይለኩና ቁጥሩን ይጻፉ። ከነገ ጀምሮ ሁለት ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ለስላሳውን ይተዉ፣ በቀን 30 ደቂቃ ይራመዱ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ከዚያም ሦስተኛውን ይጨምሩ። ባለቤትዎን፣ ጎረቤትዎን፣ የሥራ ባልደረባዎን ይዘው ይውጡ፤ ብቻውን ከሚጀምር ሰው ይልቅ ከወዳጅ ጋር የሚጀምር ይበረታል።