በጎ ፈቃድ ከነቫቱ

በዚህ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ አምባሳደር ሳንሆን የቀረነው እኔና የሰፈራችን ዘበኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። አንዱ የፓስታ አምባሳደር ነው። ሌላው መሠረቱ እንኳ ያልተቆፈረ ሪል ስቴት አምባሳደር ነው። አንዷ ደግሞ ጠዋት የሳሙና፣ ከሰዓት የባንክ፣ ማታ የኩላሊት ሕሙማን አምባሳደር ሆና በቴሌቪዥን ብቅ ስትል ባለቤቴ ወጧን እያማሰለች "ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትተኛው?" ትላለች።

ለሳሙናው እንደሚከፈላት ማንም ያውቃል። ነጋዴ ከኪሱ ቢከፍል ምን አገባኝ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የማታው ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚረዳ አንድ ትንሽ ማኅበር ቦርድ ውስጥ አስገብተውኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ያዥ ስለነበርኩ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ሳንቲም አትጠፋም" ብለው ነው። ታዲያ ወጣቶቹ "ዝነኛ ሰው ካልያዝን የሚሰማን የለም" አሉ። መልካም አልኩ፤ ደብዳቤ ጻፍን። መልሱን የላከው ዝነኛው ሳይሆን ማናጀሩ ነው። የላከውም ፕሮፎርማ!

ቢልቦርድ ላይ ለሚወጣ ፎቶ ይህን ያህል። ለአንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ይህን ያህል። ማዕከሉን ለመጎብኘት በሰዓት ይህን ያህል፤ ከአረጋውያኑ ጋር ምሳ ለመብላት ለብቻው ይታሰባል (ሽሮው የእኛ ሆኖ ማለት ነው)። ከግርጌ በደቃቅ ፊደል "ዋጋው ቫትን አይጨምርም" ይላል። ድምሩ የማኅበሩን የዓመት የጤፍ ወጪ አስከንድቶታል። ስለ እንባ የተጻፈ ነገር ባገኝ ብዬ መነጽሬን ወልውዬ ፈለግሁ፤ የለም። በቪዲዮው ዋጋ ውስጥ ተጠቃሎ ይሆናል።

ማናጀሩ ዘንድ ደወልኩ። ጨዋ ልጅ ነው። "አባቴ፣ ይሄኮ ቅናሽ የተደረገበት ነው፤ ለበጎ አድራጎት ስለሆነ በግማሽ ዋጋ ነው የሠራንላችሁ" አለኝ። በጎ ፈቃድ በግማሽ ዋጋ! ጆሮዬ ይህን ሳይሰማ መደንቆር ነበረበት።

ልጁ ግን የተማረ ነውና ተከራከረኝ። ያልተከፈለው ሰው በውል አይታሰርም፤ ሲሰለቸው ጥሎ ይሄዳል አለኝ። ምሳሌም ጠቀሰ። ስካርሌት ጆሃንሰን የተባለችው አሜሪካዊት ተዋናይት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የረድኤት ድርጅቱ የኦክስፋም አምባሳደር ነበረች። በ2014 ሶዳስትሪም የሚባለውን የለስላሳ መጠጥ መሥሪያ ለማስተዋወቅ ተዋዋለች። ኩባንያው በዌስት ባንክ የእስራኤል ሠፈራ ውስጥ ፋብሪካ ነበረው፤ ኦክስፋም ደግሞ ከሠፈራዎቹ ጋር የሚደረግን ንግድ ይቃወማል። ሁለቱ ሲጋጩ እሷ "የሐሳብ ልዩነት አለን" ብላ የተሰናበተችው ከኦክስፋም ነው። "አዩ አባቴ?" አለኝ ማናጀሩ። አየሁ። ያየሁት ግን ሌላ ነው፦ እዚያ የቱ ለገንዘብ፣ የቱ ለጽድቅ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቅ ስለነበር የቱ እንደበለጠባት ለመፍረድ ቻለ። ሁለቱም በአንድ ፕሮፎርማ ቢመጡ ኖሮ ምኑን ከምኑ እንለየው ነበር?

ይህ የአምባሳደርነት ነገር ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1954 ዳኒ ኬይ የሚባለውን ቀልደኛ ይዞ ነው የጀመረው። የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ደመወዝ የለውም፤ ቢበዛ ለምልክት ያህል በዓመት 1 ዶላር ነው። አውሮፕላኑና ማደሪያው ሊሸፈንለት ይችላል፤ እሱን እኔም አልከለክልም፣ ሰው በእግሩ ከሆሊውድ አይመጣም። የፊልም ተዋናይቷ ኦድሪ ሄፕበርን ለዩኒሴፍ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ እኛ አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 መቀሌ ሄዳ 500 ሕፃናት ያሉበትን ማሳደጊያ አየች። በ1992 ሶማሊያ ወረደች፤ በዓመቱ ጥር ላይ አረፈች። ከእኛም ቤት አበበች ጎበና አሉ። በወሎው ረሃብ ዘመን ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ፤ ቤተሰብ ሲቃወማቸው ቤታቸውን ለቀው ወጡ፤ በእኛ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ያሳደጓቸው ልጆች ስፍር ቁጥር አልነበራቸውም። እሳቸው ዘንድ ማናጀር ደውሎ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሉት ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ።

ባለቤቴ ግን ትቆጣኛለች። "አንተ ደግሞ አርቲስት አየር አይበላም" ትላለች። እውነቷን ነው። ጡረታ የላቸውም። ስንቱን አንጋፋ ለሕክምና ውጭ ለመላክ በቴሌቪዥን ለምነንለታል። መድረክ ላይ የሚዘፍን ከሆነ የእሱም፣ የባንዱም፣ የሳውንድ ሲስተሙም ይከፈል፤ ላብ ነው። "ይህን ማዕከል ከልቤ እወደዋለሁ" ለማለት ግን ስንት ይጠየቃል? በቃል ነው ወይስ በሰዓት?

የዕድራችን ጥሩምባ ነፊም ይከፈለዋል። ገና ሳይነጋ ተነስቶ፣ ብርዱንና ውሻውን ችሎ፣ በየቅያሱ እየዞረ "የእገሌ እናት አርፈዋል፣ ቀብር በስድስት ሰዓት" ይላል። ደመወዙን እጃችንን አውጥተን የወሰንነው እኛ ነን፤ በየዓመቱም በሪፖርት ይነበባል። በሐዘኑ ልቤ ተሰብሮ ነው የምነፋው ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ ማንም አይቀየመውም። ዝነኛውም እንደሱ ደመወዙ በአደባባይ ይነበብና ይንፋ።

አሁን ግን ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው እናት ያንን ቪዲዮ አይታ፣ "እሱ እንኳ ሥራውን ትቶ ለእነዚህ ሽማግሌዎች ከቆመ" ብላ፣ ከመቀነቷ 10 ብር ትፈታለች። ያ 10 ብር መጀመሪያ የሚሄደው ለቆመው ሰው መሆኑን ማን ይንገራት?

ሒሳቡ ደግሞ የት ይገባል? በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአንድ ድርጅት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። በቀድሞው አዋጅ 621/2001 ጊዜ 30 ነበር፤ ጠብቋል። ማስታወቂያ የአስተዳደር ወጪ ነው። ይህን ስል ከወጣቶቹ አንዱ ሳቅ እያለ "ጋሼ፣ ግንዛቤ ማስጨበጫ ብለን ፕሮግራም ውስጥ እናስገባዋለን" አለኝ። እዚያ አምድ ውስጥ የማይገባ ነገር አይቼ አላውቅም። ቲሸርት ገብቷል፣ ባነር ገብቷል፣ የሆቴል ማኪያቶ ገብቷል፤ ሰው የቀረ ነበር።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ስብሰባ ዳግም ይቀርባል። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ ገንዘብ ተቀብሎ የሚመጣ ሁሉ፣ የተከፈለው መጠን ከፎቶው ሥር በአኃዝና በፊደል ይጻፍ፤ ፊደሉም ስሙ ከተጻፈበት አይነስ። ወጣቶቹ "እንዲህ ከሆነ ማንም አይመጣም" ይላሉ። አይምጣ። ድምፄ ተቃውሞ ነው፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።